በስልኬ ላይ የያዝኩት የድባቴ መዝገብ

በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር፣ በአንድ ቀን ውስጥ ብቻ፣ የአየር ሁኔታ የሚያሳየውን መተግበሪያ 41 ጊዜ ከፍቼ አይቻለሁ። ሥራዬ ሒሳብ ስለሆነ መቁጠር ልማዴ ነው፤ ያን ቀን ግን የቆጠርኩት ባለቤቴ “ምን አለ እዚያ ስልክ ውስጥ? ምሳህ ቀዘቀዘ እኮ” ስላለችኝ ነው። እዚያ ውስጥ የነበረው ደመና ነው። የድሬዳዋ ደመና አይደለም፤ ከላይ፣ ከደጋው፣ ከደንገጎ ወገን ያለው። እኛ ጋ ፀሐዩ አናት እየበሳ የደቻቱ ወንዝ በድንገት ሊሞላ እንደሚችል እዚህ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። በ1998 ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ የ19 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ቤታችንም ከወንዙ ሩቅ አልነበረም። እኛ ተረፍን። ከጎረቤቶቻችን ግን ያልተረፉ አሉ።

ይህን የምጽፈው እኔ በጨነቀኝ ሰዓት በአማርኛ ፈልጌ ያጣሁት ይኸው ስለሆነ ነው። የማገኘው ወይ “በሦስት ቀን እናድናለን” የሚል ማስታወቂያ ነበር፣ ወይ “አይዞህ፣ ጸልይ፣ ስፖርት ሥራ” የሚል ምክር። አንድ ሰው “እኔ እንዲህ አደረግሁ፤ ይሄ ረዳኝ፣ ይሄ አልረዳኝም” ብሎ ቢነግረኝ ኖሮ ብዙ ወራት ባልባከኑብኝ ነበር። ሐኪም አይደለሁም። የምናገረው የደረሰብኝን ነው።

ነገሩ በፍርሃት ጀመረ። ቤቴ መጋላ ወገን ነው፣ ቢሮዬ ከዚራ፤ በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ድልድዩን እሻገራለሁ። አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ፣ ድልድዩ መሐል ላይ፣ ልቤ ሊወጣ ደረሰ። እጄ ደነዘዘ፣ አየር አጠረኝ፣ ሞትኩ አልኩ። ሹፌሩ ውኃ አፍስሶልኝ ክሊኒክ አደረሰኝ። ከዚያ ወዲህ ስሻገር ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ደመና ባየሁ ጊዜ ሥራ ጥዬ ወደ ቤት እሮጣለሁ። ቀስ በቀስ ደግሞ ፍርሃቱ ላይ ሌላ ነገር ተደረበ። አንድ ገጽ ሒሳብ አራት ጊዜ ደምሬ አራት የተለያየ ድምር አገኛለሁ። እሑድ እሑድ የምንበላው ፈጢራ አፌ ውስጥ ወረቀት ሆነ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ የሳለችውን ይዛ ስትመጣ “ጥሩ ነው” እላለሁ እንጂ ወረቀቱን አላየውም፤ ያላየሁ መሆኔንም ታውቃለች።

እኛ ዘንድ “ደብሮኛል” ማለት ቀላል ነው። ጫት ያረፈደበትም ደብሮኛል ይላል፣ ቡድኑ የተሸነፈበትም ደብሮኛል ይላል። ስለዚህ ለሳምንታት ከአልጋ መነሳት አቅቶኝ “ደብሮኛል” ስል ማንም ልብ አላለኝም፤ እኔም ለራሴ ልብ አላልኩም። “ድባቴ” (ዲፕሬሽን) የሚለውን ቃል፣ በሽታ መሆኑንና መታከም የሚችል መሆኑን የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው። በመሐሉ አንዱ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ መርፌ ወጋኝ፤ ሌላው ጨጓራ ነው አለ። በስተመጨረሻ አንድ ጠቅላላ ሐኪም ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) አንስቶ፣ ደም ማነስና የታይሮይድ ሆርሞን አስመርምሮ፣ ሁሉም ደህና ሲሆን “ልብህ ጤነኛ ነው፤ የአእምሮ ጤና ክፍል ብትታይ ጥሩ ነው” አለኝ። ይህን ምርመራ አትዝለሉት። የታይሮይድ ችግርም ሆነ ደም ማነስ ልክ እንደ ድባቴና ጭንቀት ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ አዲስ የመጣ የደረት ሕመምም መጀመሪያ መታየት አለበት።

ወደዚያ ክፍል ግን ወዲያው አልሄድኩም። ልጆች ሆነን “አማኑኤል ይገባዋል” የሚለው ስድብ ነበር፤ ያ ስድብ ጆሮዬ ላይ ነው ያለው። ሰው ሳያየኝ በስልኬ ልታከም አልኩ።

መጀመሪያ አንድ የእንግሊዝኛ መተግበሪያ አወረድኩ። በየጠዋቱ “ዛሬ ስሜትህ እንዴት ነው?” ይልና አምስት ሥዕል ይደረድራል፤ ደስ ያለው ሰው ፀሐይዋን ይነካል፣ የከፋው ዝናብ ያዘለ ደመናውን። የሚያዝያ ፀሐይ ድሬ ላይ ማንን ደስ ያሰኛል? ዝናብ ሲመጣ እኮ ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ እፎይ ይላል። እኔ ደግሞ ከሁሉ ተለይቼ ያን ደመና ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይርዳል። ጭንቀቴን ሊያክም የመጣው ነገር በየማለዳው ጭንቀቴን በሥዕል ያሳየኝ ጀመር። በስድስተኛው ቀን በዶላር ክፈል ሲለኝ ተውኩት። ያኔ “ይሄንንም ማስቀጠል አቃተኝ” ብዬ በራሴ ፈረድኩ። እንዲህ ያሉ መተግበሪያዎች ላይ ሰው እንደማይቆይ ያወቅሁት በኋላ ነው፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 የወጣ አንድ ጥናት በተለመደው መተግበሪያ ላይ ከ15 ቀን በኋላም ከፍቶ የሚያየው ካወረዱት ከ100 ሰው 4 ያህሉ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ጀምራችሁ ካቋረጣችሁ ጥፋቱን ሁሉ በራሳችሁ ላይ አትጫኑት።

ቀጥሎ በቴሌግራም “ዶክተር ነኝ” የሚል ሰው አገኘሁ። 800 ብር አስልኮኝ፣ ሁለት የድምፅ መልእክት ሰዶ ጠፋ። ከዚህ የተማርኩት ቀላል ነው። በስልክ የሚያክማችሁ ሰው የት እንደሚሠራ፣ ሙያው ምን እንደሆነ፣ በአካል ልታገኙት ብትፈልጉ የት እንደምታገኙት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ይህን ለመመለስ ከተቆጣ ብር አትላኩ።

ሦስተኛው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ነው። በአማርኛ ይመልሳል። ያ ድልድይ ላይ የደረሰብኝ ፓኒክ አታክ የሚሉት እንደሆነ፣ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ ደርሶ እንደሚበርድ የነገረኝ እሱ ነው፤ ልክ ነበር። ነገር ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሬ ሳወራው ይነጋል። “ዛሬ ሥራ አልገባም” ስለው “ራስህን ማሳረፍህ ጥሩ ነው” ይለኛል። እንቅልፌን በላው፣ ሽሽቴንም አጸደቀልኝ። ለመረጃ ብትጠይቁት አልቃወምም፤ ለመድኃኒት መጠንና “ሆስፒታል ልሂድ ወይስ አልሂድ” ለሚለው ጥያቄ ግን ሰው ይሻላል። ደግሞም ነገ ላይኖር ይችላል፤ ዎቦት የሚባለው፣ ለድባቴና ለጭንቀት ተብሎ ከተሠሩት በጣም ከታወቁት አንዱ፣ በ2017 ሰኔ መተግበሪያውን ዘግቷል።

ጥቅምት 2016 ላይ ባለቤቴ “እኔ አብሬህ እሄዳለሁ” አለችኝ። ሄድን። የአእምሮ ጤና ክፍሉ መጠበቂያ ላይ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተቀመጥኩ። የተቀበለችኝ የሳይካትሪ ነርስ ነበረች፤ ሲስተር ብቻ ልበላት። ድሬ ላይ አንቱታ አይበዛም፤ ገና ስገባ “አንተ፣ ስንት ሌሊት ሳትተኛ ነው የመጣኸው?” አለችኝ። የማለቅስ ሰው አልነበርኩም፣ አለቀስኩ።

ዘጠኝ ጥያቄ ያለው አንድ ገጽ ወረቀት ሰጠችኝ። ፒኤችኪው-9 ይባላል፤ በነጻ የሚገኝ ነው፣ በአማርኛም አለ። ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፦ ነገሮች ደስ አለማሰኘታቸው፣ መከፋት፣ እንቅልፍ፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት፣ ራስን እንደማይረባ ማየት፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ መንቀርፈፍ ወይም መቁነጥነጥ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሞትን መመኘት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ። ለእያንዳንዱ “በፍጹም” ካላችሁ 0፣ “አንዳንድ ቀን” 1፣ “ከግማሽ በላይ ቀናት” 2፣ “በየቀኑ ማለት ይቻላል” 3። ድምሩ እስከ 27 ይሄዳል። ከ10 ጀምሮ ባለሙያ ማየት እንዳለበት ነው የሚወሰደው፤ ከ15 ጀምሮ ጠንከር ያለ፣ ከ20 ጀምሮ ከባድ። የእኔ 17 ሆነ። ለጭንቀቱ ጋድ-7 የሚባል ሰባት ጥያቄ ያለው ሌላ አለ፤ ያም ከ21 ላይ 15 ወጣ። ወረቀቱ ብቻውን በሽታን አይወስንም፤ ሲስተርም ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አነጋግራኛለች። ለእኔ ለሒሳብ ሠራተኛው ግን ዓመት ሙሉ ስም አጥቼለት የኖርኩት ነገር ቁጥር ሆኖ ወረቀት ላይ መቀመጡ ትልቅ ነገር ነበር።

ሐኪሙ ፍሉኦክሰቲን 20 ሚሊግራም አዘዘልኝ። ለመሥራት ከ2 እስከ 4 ሳምንት እንደሚፈጅ፣ መጀመሪያ አካባቢ ማቅለሽለሽና መቁነጥነጥ እንደሚያመጣ፣ በራሴ ፈቃድ በድንገት ማቋረጥ እንደሌለብኝ ነገረኝ። አስቀድሞ ባይነግረኝ በሦስተኛው ቀን እጥለው ነበር፤ ጭንቀቱ ትንሽ ብሶብኝ ነበርና። ምልክቱ ከጠፋም በኋላ ወራት መቀጠል አለበት፤ እኔ ያቆምኩት በ2017 ነው፣ እሱም በሐኪም፣ ቀስ እየተባለ።

ከዚያ ሲስተር “ስልክህን አሳየኝ” አለች። አዲስ ነገር ልታወርድልኝ መስሎኝ ነበር። የአየር ሁኔታውን መተግበሪያ ከፊተኛው ገጽ አነሳችና ማንቂያውን፣ ማስታወሻውንና ኤክሴሉን ብቻ ወደፊት አመጣቻቸው። “በእነዚህ ነው የምንሠራው። ሐሙስ ሐሙስ ከምሽቱ 1 ሰዓት እደውልልሃለሁ፣ 15 ደቂቃ” አለችኝ። እንዲህ ያለው ነገር የእሷ ፈጠራ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከሊባኖስ የጤና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ በስልክ የሚሰጥ አምስት ክፍል ያለው የድባቴ መርጃ ሠርቶ፣ በሊባኖሳውያንና በሶርያ ስደተኞች ላይ ተፈትኖ ድባቴን እንደቀነሰ አሳይቷል፤ እዚያም ሐኪም ያልሆነ የሠለጠነ ረዳት በየሳምንቱ ለ15 ደቂቃ ያህል ሰዎቹን ያገኛቸው ነበር። በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም ከጀርባው የሚጠይቅ ሰው ያለበት የስልክ ሕክምና፣ በተለይ ድባቴው ጠና ላለበት፣ ብቻውን ከሚሠራው እንደሚሻል ያሳያሉ። እኔ ጥናቱን ከማወቄ በፊት በራሴ አይቼዋለሁ። የእንግሊዝኛው መተግበሪያ ስድስት ቀን ነው የቆየው፤ ያው እኔ፣ በዚያው ስልክ፣ ሐሙስ ማታ የሚጠይቀኝ ሰው ስላለ ብቻ ሰባት ወር ሙሉ መዝገብ ሞልቻለሁ።

መዝገቡ አራት ዓምድ ነው፦ ሰዓት፣ ያደረግሁት ነገር፣ ከማድረጌ በፊት የገመትኩት ስሜት፣ ካደረግሁት በኋላ የተሰማኝ ስሜት። ስሜት ከ0 እስከ 10። ሐሳቡ ይሄ ነው፤ ድባቴ ሲይዘን “ደህና ስሆን እነሳለሁ” እንላለን፣ ሳንነሳ ደግሞ ደህና አንሆንም። ሲስተር “ስሜቱን አትጠብቀው፤ እግርህ ይቅደም” ትለኝ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ሥራዬ ሦስት ብቻ ነበር፤ ልጄን ጠዋት ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ከዚራ ዛፎቹ ሥር 15 ደቂቃ መራመድ፣ ረቡዕ አባዬ ጋ ሄዶ ቡና መጠጣት። ለእያንዳንዱ ማንቂያ ሞላሁ። አባዬ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው፤ ወሬው ሁሉ የድሮ ባቡር ነው፣ የትኛው በስንት ሰዓት ለገሃሬ ይገባ እንደነበር ዛሬም አይስትም። ከመሄዴ በፊት ግምቴ 1 ነበር። ስመለስ የጻፍኩት 5 ነው። ባዶ ቁጥር ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ ግን ያን 5 ለረጅም ጊዜ ነው ያየሁት፤ አእምሮዬ ሲዋሸኝ የነበረውን የአራት ቁጥር ልዩነት በጄ ይዤ ነበርና።

አሁን ብዙ ድሬዎች ቅር ሊላቸው ወደሚችለው ልምጣ፤ ጫት።

እኔ ቃሚ ነኝ፣ ወይም ነበርኩ። ቀትር ላይ ቢሮው ይዘጋል፣ ምሳ ይበላል፣ በርጫው ይሞቃል። ጓደኞቼ “አቦ ምን ሆነሃል አንተ፣ ና ቃም ይለቅሃል” ሲሉኝ ለክፋት አልነበረም፤ እውነትም ይለቀኝ ነበር። መዝገቡ ላይ በቃምኩ ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት ስሜቴ 7 ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት 2። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አሁንም ነቅቼ 1። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያው መስመር፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ሌሊቱን ይበላል። ሲስተር አንድም ጊዜ “ጫት መጥፎ ነው” አላለችኝም። “ይሄ መስመር ምን ይመስልሃል?” ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ጋር በጣም ይቀራረባል፤ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ያባርራል፣ ምርቃናው ሲያልፍ ደግሞ ሰውን ከነበረበት ዝቅ ያደርጋል። ማታ “ፓኒክ መጣብኝ” ከምላቸው ውስጥ ብዙዎቹ የምርቃና ጅራት ነበሩ።

በአንድ ቀን አላቆምኩም፤ ሲስተርም አልመከረችኝም። መጀመሪያ ቀን በቀን የነበረውን አንድ ቀን እየዘለልኩ፣ ከዚያ ከ10 ሰዓት በኋላ እንዳልቅም፣ ከዚያ እሑድ ብቻ። ባልቃምኩባቸው የመጀመሪያ ቀናት ስሜቴ 3 ላይ ተኛ፣ ዱካኩም (ጫት ሲቀር የሚመጣው የሌሊት ቅዠት) መጣ፤ ዱካክ ያየ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል፣ ላላየው ማስረዳት አልችልም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን 5 ሆነ፣ ከሁሉም በላይ ሳይወርድ እዚያው ዋለ። መድኃኒት የምትጀምሩ ከሆነ የምትቅሙትን መጠን ለሐኪሙ አትደብቁ፤ እኔ መጀመሪያ “አልፎ አልፎ” ብዬ ዋሽቼ ነበር፣ ያልተኛሁት መድኃኒቱ ስላልሠራ መስሏቸው ሊጨምሩልኝ ነበር።

ለፍርሃቱ የሠራነው ደግሞ ሌላ ነው። ሲስተር እንዳለችው ሽሽት ፍርሃትን ይቀልበዋል፤ የአየር ሁኔታውን 41 ጊዜ ማየቴ ራሱ ሽሽት ነበር። ባየሁ ቁጥር ለሁለት ደቂቃ እረጋጋለሁ፣ ከዚያ እንደገና ማየት ያምረኛል። ስለዚህ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት። ይህ ከሁሉም የከበደኝ ነው፤ ከጫቱም ይልቅ። ከዚያ መሰላል ሠራን፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ። አንደኛው ደረጃ በስልኬ የቀዳሁትን የቆርቆሮ ዝናብ ድምፅ ዝግ አድርጌ፣ ፍርሃቱ እስኪበርድ መስማት ነበር። የመጀመሪያ ቀን ጭንቀቴ 8 ጀምሮ ከ20 ደቂቃ በኋላ 4 ሆነ፤ በአምስተኛው ቀን ሲጀምርም 4 ነበር። ቀጥሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ መስማት፣ ቀጥሎ የጎርፉን ፎቶ ማየት፣ ቀጥሎ ወንዙ ዳር ሻይ ቤት ቁጭ ማለት፣ ቀጥሎ ድልድዩን ዓይን ሳይጨፍኑ መሻገር። የመጨረሻው፣ በበጋ፣ ደረቁን የደቻቱ አሸዋ በእግር አቋርጦ ቀፊራ መድረስ። ልጄን እጇን ይዤ ነው ያቋረጥኩት፤ ለእሷ ሽርሽር ነበር። አንድ ነገር ግን ለይታችሁ ያዙ። ይህ የሚደረገው ወንዙ ደርቆ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ነው። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ከወንዙ መራቅ ጭንቀት አይባልም።

ድልድዩ ላይ የምጠቀምበት አንድ የድምፅ ቅጂ አለኝ። ልጄ ናት። “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አስገባ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ አስወጣ” እያለች ለአምስት ደቂቃ ትቆጥራለች፤ መሐል ላይ ትስቃለች። አየር የሚወጣበት ከሚገባበት መርዘሙ ነው ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው። በስልኬ ውስጥ ተቀምጧል፣ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል። ኔትወርክ የሚጠፋበት፣ መብራት የሚሄድበት ቀን አለና ከምትፈልጉት ሁሉ በጣም የሚያስፈልጋችሁን ስልኩ ላይ አውርዳችሁ አስቀምጡ፤ የሰዎቹን ስልክ ቁጥር ደግሞ በወረቀት ቦርሳችሁ ውስጥ።

ኅዳር ላይ ስለሆነው ነገር መጻፍ አልፈለግኩም ነበር፤ ባለቤቴ ናት “እሱን ካልጻፍክ ለምን ትጽፋለህ” ያለችኝ። አንድ ማክሰኞ ሌሊት ቅጹን ስሞላ ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ 0 ማለት አልቻልኩም። 1 ጻፍኩ። ድምሩ 18 ሆነ። ቅጹን ለሲስተር ስልክላት፣ ዝም ብሎ የሚቀመጥ መስሎኝ ነበር። ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ሲስተር ደወለች፤ ሐሙስ አልነበረም። በቀጥታ ጠየቀችኝ፣ ሳትፈራ፣ ቃሉን ሳታለሳልስ። እንዲህ ተጠይቄ አላውቅም ነበር፤ መጠየቁ ራሱ አቀለለኝ። አስቀድመን ተስማምተን ስለነበር ለባለቤቴ ደወለች። በዚያው ቀን አብረን ሄድን፣ ሐኪሙ አየኝ። መድኃኒቶቼን ባለቤቴ መያዝ ጀመረች፣ ለጥቂት ሳምንታት ብቻዬን አልተተውኩም። ስልኬ ላይ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሦስት ሰዎች ስም ተቀመጠ፦ ባለቤቴ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ሲስተር። ከስማቸው በላይ በራሴ ቃል የጻፍኩት ነበር፦ “ይህ ሐሳብ እየመጣ የሚሄድ ነው። መጀመሪያ ደውል።” አሁን ይህን እያነበበ ያ ሐሳብ ያለበት ሰው ካለ፣ ንባቡን እዚህ አቁመህ አጠገብህ ያለውን ሰው ቀስቅሰው፤ ማንም ከሌለ ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂድ። ለዚህ የሚሆን መተግበሪያ የለም። ሌላ ሁሉ ነገር ነገ ይነበባል።

ስለ ምስጢር ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ስልኬ በርጫ ላይ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበርና መጀመሪያ ያደረግሁት መቆለፍ ነው። መዝገቤን “የ2014 ደረሰኝ” ብዬ ሰየምኩት፤ ማንም አይከፍተውም። ተራው የቴሌግራም ንግግር ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም፤ ምስጢራዊ ውይይት የሚለውን ራሳችሁ መክፈት አለባችሁ። ከሲስተር ጋር የቅጹን ቁጥሮች ብቻ ነው የምንለዋወጠው፤ ዝርዝሩ በቃል። ፊንላንድ ውስጥ የአንድ የሥነ ልቦና ሕክምና ማዕከል መዝገብ በሰርጎ ገቦች እጅ ወድቆ፣ እንደ ፈረንጆች በ2020 ሕሙማኑ ራሳቸው “ክፈሉ፣ አለዚያ ምስጢራችሁን እናወጣለን” የሚል መልእክት ደርሷቸዋል። ስለዚህ ስማችሁን፣ መሥሪያ ቤታችሁን፣ የሰው ስም ለማታውቁት መተግበሪያ አትጻፉ።

እናቴ እስከ ዛሬ ዓይን በልቶህ ነው ትላለች። በታኅሣሥ ቁልቢ ይዛኝ ሄደች፣ ጸበል ጠጣሁ፣ መድኃኒቴንም ኪሴ ውስጥ ይዤ ሄጄ በሰዓቱ ዋጥኩ። ሲስተር የጠየቀችኝ “መድኃኒቱን አቋርጥ ያለህ ሰው አለ?” ብላ ብቻ ነው። አልነበረም። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ሦስት ቀን ሙሉ አልተለየችኝም፤ መዝገቡ ላይ የዚያ ሳምንት ስሜት ከቀደመው ከፍ ያለ ነው።

የዘጠኙ ጥያቄ ድምር እንዲህ ሄደ፦ ጥቅምት ላይ 17፣ ኅዳር ላይ 18፣ ታኅሣሥ ላይ 13፣ የካቲት ላይ 9፣ ግንቦት ላይ 6። ሐምሌ ላይ፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ተመልሶ 11 ሆነ። ያኔ አለቀልኝ ብዬ ነበር። ሲስተር ያለፈውን ዓመት ሐምሌ አስታወሰችኝ፤ ያኔ ቢሮ መግባት እንኳ አልችልም ነበር፣ ዘንድሮ በ11 ሥራዬ ላይ ነኝ። ወደ ዝናቡ ድምፅ፣ ወደ መሰላሉ፣ ወደ ጠዋቱ እርምጃ ተመለስን። መስከረም ላይ 5 ነበር። አሁን በወር አንድ ጊዜ እሞላዋለሁ፤ ያለፈው 4 ነው።

ባለፈው እሑድ ከበርጫ ጓደኞቼ አንዱ፣ ከሁላችንም ሳቂታው፣ ደጅ ጠርቶ አወጣኝ። ወሬ ሰምቷል መሰለኝ። መሬት መሬት እያየ “ዋርያ፣ ያቺን ዘጠኝ ጥያቄ ልትልክልኝ ትችላለህ?” አለኝ። እዚያው ቆሜ ላክሁለት። ማታ ምንም ሳይጽፍ ቁጥር ብቻ መለሰልኝ፤ 16። ዘጠነኛው ላይ ምን እንዳለ ደውዬ ጠየቅሁት፤ ሲስተር እንደጠየቀችኝ፣ ቃሉን ሳላለሳልስ። 0 ነው አለኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ፣ እዚያ ስንጠብቅ ሰው ያየናል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። “ሊያየን ይችላል፤ እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ” አልኩት። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት በሩ ላይ ተቀጣጥረናል።